ኳስ የጨበጡት ስምንት ወንበሮች

ፈትለወርቅ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ወንበሩን ነው። ጉንጭ እየሳመች፣ የልጆቹን ደህንነት እየጠየቀች ዓይኗ ወደ ታች ወደ ወንበሩ እግር ይወርዳል። ከተቀመጠች በኋላ ደግሞ እጇን ከመቀመጫው ሥር ሰዳ ትዳብሳለች። «ምን ጠፋብሽ?» ሲሏት «ኧረ ምንም» ትላለች። እኔ ግን አውቃታለሁ። የምትፈልገው መጋጠሚያውን ነው፤ በምስማር ተመቶ ይሁን ወይስ እንጨት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይሁን በጣቷ ታጣራለች።

ስምረት እባላለሁ። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ አብረን መሥራት ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ እሷ ሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ናት፣ እኔ ፍሮንት ዴስክ ነኝ። ፈትለወርቅ አዲስ አበባ እያለች የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋበት ቤት ትሠራ ስለነበር ቆዳና መርፌ እጇን ያውቁታል። የቤት ወንበር ፍቅር የያዛት ግን እዚህ ነው። ሆቴላችን ሎቢውን ሲያድስ አሮጌዎቹን ወንበሮች አውጥተው ኮሪደር ላይ ደረደሯቸው። እሷ አንዱን ገልብጣ አየችውና እዚያው ቁጢጥ ብላ ቀረች።

«ስምረት፣ ነይ እግሩን እዪው! ጉልበት አለው፣ ባት አለው፣ ቁርጭምጭሚት አለው። ሰው እኮ ነው!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ላይብረሪ መመላለስ ጀመረች። የዕቃ ዘመናትን ከነስታይላቸው አጠናችና ለየአንዳንዱ ቅጽል ስም አወጣች። በንግሥት አን ስም የሚጠራውን፣ ወገቡ የሚለመጠውን ወንበር «ሽንጣሟ» አለችው። መደገፊያው ጋሻ የሚመስለውን «ባላምባራስ»፣ መደገፊያው ላይ ክራር የመሰለ ቅርጽ ያለበትን «አዝማሪው»፣ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ባለ ክብ ጀርባ ደግሞ «እመቤት» ብላ ሰየመች። ቅጽል ስም ያልወጣለት አንድ ብቻ ነበር፦ የፊት እግሮቹ የንስር ጥፍር ሆነው ኳስ የጨበጡት፣ ከጥቁር ቀይ ማሆጋኒ የተሠራው። እሱን ስታይሉን ባወጣው እንግሊዛዊ አናጢ እውነተኛ ስም «ቺፐንዴል» ትለዋለች፤ ያውም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አውሮራ ያለው ቤቷ ቀስ በቀስ በወንበር ሞላ። ሁለት የሚመሳሰሉ ግን አልነበሩም። እዚሁ ተወልዳ ያደገችውና ነርስ የሆነችው ልጇ ሔቨን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየችና «ማሚ፣ ቤታችን እኮ የዴንቲስት ዌይቲንግ ሩም መሰለ» አለቻት። ፈትለወርቅ አልተቀየመችም። «የኔ ልጅ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቤተሰብ ይመጣል» አለች። ወንበሮቹን ማለቷ ነበር።

ሙሉ ቤተሰቡ የመጣው በአንድ የጸደይ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ካጠሉት አንድ የጡብ ቤት ነው። ኢስቴት ሴል ነበር። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ ዕቃው ሁሉ በያለበት እንደተቀመጠ በሩ ለገዢ ይከፈታል። እኔ ለወሬ ነው የሄድኩት፤ እሷ ግን ሳይነጋ ነው የተነሳችው። በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ ወደ ብር ማንኪያውና ወደ ሥዕሉ ሲሮጥ ፈትለወርቅ ቀጥ ብላ ወደ ምግብ ክፍሉ ገባች።

ስምንት ነበሩ። ሁለቱ ባለ ክንድ፣ ስድስቱ ክንድ አልባ። ሁሉም ማሆጋኒ፣ የሁሉም እግር ኳስ ጨብጧል። ጠረጴዛው ቀድሞ ተወስዶ ስለነበር ወንበሮቹ ባዶውን ምንጣፍ ከበው ቆመዋል። ፈትለወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ትልቁን ባለ ክንድ ወንበር በግራ በኩል ጨበጠችው። በዚያው ቅጽበት ሌላ እጅ በቀኝ በኩል ጨበጠው።

ነጭ ጺም ያላቸው፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ ሰውዬ ናቸው።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ አይ ዋዝ ፈርስት» አለች ፈትለወርቅ።

«ሶሪ ማዳም፣ አይ ዋዝ ፈርስት» አሉ ሰውዬው በጨዋነት።

ሁለቱም አልለቀቁም። ፈትለወርቅ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ «ይኼ ሽማግሌ ካልለቀቀ ከነወንበሩ ጭኜው ነው የምሄደው!» አለችኝ።

ሰውዬው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ካልከበድኩዎት እኔ ደስ ይለኛል» አሉ፣ በጠራ አማርኛ።

ፈትለወርቅ ፊቷ ፍም መሰለ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። «ውይ በሞትኩት! አበሻ ኖት እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አፌ ነው…» አለች። ወዲያው ደግሞ ጨመረች፦ «ወንበሩን ግን አልለቅም።»

«እኔም አልለቅም» አሉ።

ሴሉን የምታካሂደው ሴት መጥታ ሁለቱንም አየች። ከኋላ ሰው እየተጋፋ ስለነበር ለክርክር ጊዜ አልነበራትም፤ አራቱን ለአንቺ፣ አራቱን ለእርሳቸው ብላ ከፈለቻቸው። ለየአንዳንዳቸው አንድ ባለ ክንድና ሦስት ክንድ አልባ ደረሳቸው። ንጉሥ ሰሎሞን ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት ሲል ማስፈራሪያ ነበር፤ ፓርክ ሂል ላይ ግን በእውነት ተከፈለ።

ሰውዬው ሀብተጊዮርጊስ እንደሚባሉ የነገሩን የፈትለወርቅን ድርሻ ሚኒቫኗ ላይ ሲጭኑላት ነው። እኛ ወንበሮቹን በምን እንደምናስር ስንጨነቅ እርሳቸው ከመኪናቸው ብርድ ልብስና ገመድ አምጥተው፣ እግር ከእግር እንዳይጋጭ አድርገው ሸብ አደረጓቸው። ሲጨርሱ ስልካቸውን ሰጧት።

«ሐሳብዎን ከለወጡ ይደውሉልኝ። አራቱን እወስዳቸዋለሁ።»

«እርስዎም ከለወጡ ይደውሉ» አለች።

ሐሳቡን የለወጠ የለም፤ ስልኩ ግን ተደወለ። መጀመሪያ የደወሉት እርሳቸው ናቸው። ከሥራ ስንወጣ መኪና ውስጥ ስለነበርን ስፒከር አደረገችው።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ፈትለወርቅ። አራቱ እንዴት አሉ?»

«ደህና ናቸው። የእርስዎዎቹስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድሞቻቸውን ይጠይቃሉ።»

ፈትለወርቅ ከት ብላ ሳቀች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ልጇን ለብቻዋ አሳድጋለች፣ አስተምራለች። ሳቋን አውቀዋለሁ። ይኼኛው ግን ከዚያ በፊት ያልሰማሁት ነበር።

ከዚያ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ጀመር። አርእስቱ ሁልጊዜ ወንበር ነው። ስለ መደገፊያው ቅርጽ ይከራከራሉ፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው የፈረስ ጭራ ነው አይደለም ይባባላሉ። ማን ለማን ይሽጥ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ይደነቁራሉ።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ፈትለወርቅ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። ወንበሮቿን በወጉ ደርድራቸዋለች። እኔም ሳህኔን ይዤ ባለ ክንዱ ላይ ተንደላቀቅኩ። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ ከኋላዬ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጣሪያውን አየሁ።

ፈትለወርቅ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። «ተሰበረ? ተሰበረ?»

«ማን? እኔ ወይስ ወንበሩ?» አልኳት ከመሬት።

በላዬ ተሻግራ ወንበሩን አነሳችው። ያነሳችኝ ሔቨን ናት፤ እየሳቀች ወገቤን መርምራ «ዩ አር ፋይን፣ አክስቴ» አለችኝ።

ፈትለወርቅ ወዲያው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጋ ደወለች። «አይንኩት!» አሏት። «ከሱቅ ኮላ ገዝተው እንዳይቀቡት፣ በእመቤቴ! መጣሁ።» ከሚኖሩበት ከቶርንተን አውሮራ ድረስ በዚያው ሰዓት መጡ። የእሑድ ሱፋቸውን ከነክራባታቸው እንደለበሱ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ወንበሩን ገልብጠው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣታቸው እያንኳኩ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ሔቨን «የኔ ፔሸንት ቢሆን እንደዚህ ነበር የማደርገው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እንጨቱ ጤነኛ ነው» አሉ ሲነሱ። «ያረጀው ኮላው ነው። አራቱንም ፈትቶ እንደገና ማጋጠም ያስፈልጋል።»

«መፍታቱንማ መዶሻ ያለው ሁሉ ይፈታዋል» አለች ፈትለወርቅ እየተጠራጠረች።

«እርስዎ እዚያው ቆመው ያዩኛላ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራቱን ወንበሮች ጭነን ቶርንተን ሄድን። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በወጣትነታቸው ቴክኒክ ትምህርት ቤት አናጢነት ተምረዋል። ከዚያ በሱዳን በኩል በስደት እዚህ ደርሰው እስከ ጡረታቸው የከተማ አውቶቡስ ነዱ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሲመላለሱ ሰው ከበሩ አውጥቶ የጣለውን ወንበር እያዩ «ወርጄ ባነሳው» እያሉ ይመኙ እንደነበር ነግረውናል። አውቶቡስ ማቆም ስለማይቻል የተሰበረ ወንበር ሲያልፋቸው ኖረ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባቸው ጋራዡን ወርክሾፕ አደረጉት። መጋዙ፣ መሮው፣ መላጊያው፣ ሁሉም በየመጠኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

የእርሳቸው አራት ወንበሮች ጥግ ላይ ቆመዋል። እንጨታቸው ተወልውሎ ያበራል። መቀመጫቸውን ያየችው ፈትለወርቅ ግን ቆማ ቀረች። ቡናማ ላስቲክ የመሰለ ጨርቅ ተሸብሽቦ፣ ተኮማትሮ፣ በምስማር ተቸንክሮበታል።

«ይኼን ማን አለበሰው?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ እንደ ተማሪ።

«ምነው፣ ምን በደሉዎት?»

ሦስታችንም በሳቅ ሞትን። ስምምነቱ የተደረገው ያን ጊዜ ነው፤ አጥንቱ የእርሳቸው፣ ልብሱ የእሷ። የስምንቱም።

ያን በጋ ቅዳሜ ሁሉ ቶርንተን ነበርን። እኔ መሥራት አልችልም፤ ተቀምጬ አወራለሁ፣ ሬዲዮ እቀያይራለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ፈትጊ ስባል እፈትጋለሁ። ፈትለወርቅ የመቀመጫዎቹን አሮጌ ልብስ ገፈፈች፤ ከሥሩ የፈረስ ጭራው ወጣ፣ «አላልኩዎትም?» አለች። ጭራውን አጥባ በፀሐይ አሰጣችው። አዲስ ጠፍር ወጥራ፣ ጭራውን መልሳ ሞልታ፣ ጥልቅ አረንጓዴ ሐር ጨርቅ አለበሰችው። ጨርቁን የመረጡት ለሁለት ወር ከተከራከሩ በኋላ ነው። እርሳቸው ቀይ ነበር የፈለጉት።

አንድ ነገር ግን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ እነግራችኋለሁ። አንድ ቅዳሜ ባለ ክንዱን፣ እኔን የጣለኝን ያጋጥሙ ነበር። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የሚጠቀሙት ከከብት ቆዳ የሚሠራ ትኩስ ኮላ ነው። ቶሎ ይደርቃል፤ ከተቀባ በኋላ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። እርሳቸው መጋጠሚያውን ጨብጦ የሚይዘውን ሞርሳ ሲያጠብቁ እሷ ከወዲህ መደገፊያውን ይዛለች። በመሀል ሞርሳው ተንሸራተተና መጋጠሚያው መከፈት ጀመረ።

«ያዘው!» ብላ ጮኸች ፈትለወርቅ። «ያዘው በማርያም! እንዳትለቀው! ወደ አንተ ሳበው፣ ወደ አንተ!»

ያዙት። ሳቡት። ሞርሳው ቦታውን ያዘ። ለወራት «እርስዎ» ሲባባሉ የከረሙ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወንበሩን ግራና ቀኝ እንደያዙ ተያዩ። ፈትለወርቅ ያለችው ነገር አሁን ገና ጆሮዋ የገባ ይመስል ዓይኗ ፈጠጠ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሞርሳውን አንድ ዙር አጠበቁት። «ይዤዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺም አትልቀቂ።»

እኔ በእጄ የያዝኩትን የውሃ ጠርሙስ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ «እርስዎ» የሚባል ነገር እዚያ ጋራዥ ውስጥ አልተሰማም።

መስከረም ላይ ስምንቱም አለቁ፤ የእሷ አራቱ ወደ አውሮራ ተመለሱ። ፈትለወርቅ ወንበሮቹ ከቺፐንዴል ዘመን፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የመጡ መሆናቸውን አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። ለሆቴል ሠራተኛው ሁሉ ነግራለች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም ያልሰማ የለም። ይህንኑ ከባለሙያ አፍ ለመስማት አንዱን ወንበር ጭነው ሳውዝ ብሮድዌይ ወዳለ አንድ የአንቲክ ሱቅ ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፤ ሁለቱም ነግረውኛል፣ አንዱ የሌላውን እያረመ።

ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች፣ ደስ የምትል ሴትዮ ናት አሉ። ወንበሩን በባትሪ መብራት ከላይ እስከ ታች አየችው። ጥገናውን አደነቀች፤ ልብሱን ዳብሳ «ቢዩቲፉል» አለች። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ብሎኖች አሳየቻቸው። በማሽን የተሠሩ ናቸው። የእግሩ ቅርጽም መጀመሪያ በማሽን ወጥቶ በኋላ በእጅ የተስተካከለ ነው። የማሆጋኒው እንጨት እውነተኛ ነው፣ አሠራሩም ጥሩ ነው፤ ግን የተሠራው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ በፋብሪካ ነው። ያን ጊዜ የድሮውን ስታይል መልሶ መሥራት ፋሽን ነበር አለቻቸው። ፈትለወርቅ አመስግናት ወጣች።

ሲመለሱ የሚነዱት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ፦

«ሰው ሁሉ ይስቅብኛል» አለች። «አስመሳይ ወንበር ይዤ ስኩራራ ከርሜ።»

«ፈትልዬ» አሉ። «አንድ ሰው በአያቱ ስም ስለተጠራ አስመሳይ ይባላል እንዴ? እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ሁሉም ሰው በአያቴ ስም ነው የሚጠራኝ። ‘ሚስተር ወልደየስ’ ይሉኛል። አያቴን ግን አይደለሁም። እሱ በቅሎ ነበር የሚነዳ፣ እኔ አውቶቡስ።»

ፈትለወርቅ መሳቅ ጀመረች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እርሳቸው አልነዱም። ከኋላ ክላክስ ሲጮህ ነው የነቁት።

«እና እነዚህ የልጅ ልጆች» አሉ እየነዱ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ስምንቱም አንድ ቤት ቢያድሩ ምን ይመስልሻል?»

«ወንበሮቹ ብቻ?»

«ቦታ ከተረፈ እኔም።»

እሷ እዚህ ላይ «ወዲያው እሺ አላልኩም» ትላለች፤ እርሳቸው «ሦስት መብራት ሳናልፍ» ይላሉ። የሚስማሙበት ግን ይኼ ነው፦ «እንግዲያው በወጉ ሽማግሌ ላክ» አለቻቸው።

«ለማን ልላክ? እናት አባትሽ በሕይወት የሉ።»

«ልጅ አለችኝ አይደል?»

ስለዚህ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን በሱፋቸው ላይ ያጣፉ ሦስት አዛውንቶች የእነ ሔቨንን በር አንኳኩ፤ እናትየው ክፍሏ ውስጥ ተደብቃለች፣ እኔ ደግሞ ከጎኗ በሩን ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። ሔቨን ከሥራ መግባቷ ስለነበር የነርስ ልብሷን አላወለቀችም።

«ፕሊዝ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። እንዲህ ነው ወጉ፤ እርሷ ግን አታውቅም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ስለ አብርሃምና ሣራ አነሱ፣ ስለ መልካም ሰው አነሱ፣ ዞረው ዞረው «እናትሽን ለልጃችን ለሀብተጊዮርጊስ እንድትሰጭን» አሉ። ልጃቸው ያሉት ሰው ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

«የስ!» ብላ ጮኸች ሔቨን። «ኦ ማይ ጋድ፣ የስ! ኦፍ ኮርስ!»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ትልቁ ወደ እርሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። እንመካከርበት፣ ሄዳችሁ ተመለሱ ነው የሚባለው።»

«ኦ። ሶሪ።» ፊቷን ኮስተር አደረገች። «እንመካከርበታለን። ሄዳችሁ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። መኪናቸውን አንዴ ዞሩት። ተመልሰው አንኳኩ።

«ተመካከርን» አለች ሔቨን። «የስ።»

እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ፤ መደበቃችንን ረስቼ። ፈትለወርቅ ከኋላዬ ወጣች፤ በአንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፣ በሌላው ትስቃለች። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ሲቀመጡ ትልቁ እጃቸውን ከወንበሩ ሥር ሰደው መጋጠሚያውን ሲዳብሱ አየኋቸው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አደራ ብለዋቸው ነው።

በጥር ወር ቃል ኪዳናቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጸሙ። ትንሽ ሰርግ ነበር፤ በረዶው ግን ትልቅ ነበር። የማን ቤት እንግባ የሚለው ክርክር ከጨርቁ ክርክር አጭር ሆነ፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የቶርንተኑን ቤት አከራይተው መሣሪያቸውን ጠቅልለው አውሮራ ገቡ፣ የእሷም ጋራዥ ወርክሾፕ ሆነ። ስምንቱ ወንበሮች ከፓርክ ሂል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አንድ ቤተሰብ አንድ የምግብ ክፍል ውስጥ አደሩ።

የጎደለው ጠረጴዛ ነው። ስምንት የተከበሩ ወንበሮች ክፍሉን ከበው ቆመው፣ ባልና ሚስቱ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይበሉ ነበር። በሰኔ አንድ ቅዳሜ ወንበሮቹን የሚመጥን፣ ረጅም፣ ወፍራም እግር ያለው የማሆጋኒ ጠረጴዛ አገኙ። ትራክ ተከራይተው ጭነውት ሲመጡ እኔና ሔቨን በር ላይ ጠበቅናቸው።

ጠረጴዛው አልገባም። በጎኑ አልገባም፣ በጀርባው አልገባም፣ በሩ ከነመቃኑ ተነቅሎም አልገባም። እግሩን ለመፍታት ሞከሩ፤ አሮጌው ብሎን አልነቃነቅ አለ። ሔቨን ሜትር አምጥታ በሩን ለካች፣ ጠረጴዛውን ለካች።

«ማሚ፣ ሳትለኩ ነው የገዛችሁት?»

«እሱ ነው!» አለች ፈትለወርቅ። «እሷ ናት!» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። እኩል ነው የተናገሩት።

ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ሁላችንም ርቦናል። ፈትለወርቅ ድራይቭዌዩ መሀል የቆመውን ጠረጴዛ አየችው። ከዚያ ወገቧን ያዘች። «እኛ ወደ ውጭ እንወጣለና! ወንበሮቹን አምጡ።»

ስምንቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አወጣናቸው። በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ምሳው ተደረደረ። አራት ሰዎች ነን፣ አራት ወንበር ተረፈ። ፈትለወርቅ ባዶ ወንበር ማየት አትወድም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩትን ሜክሲኳውያን ባልና ሚስት ጠራቻቸው፤ የቤታቸውን ትኩስ ቶርቲያ ይዘው መጡ። ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ጎረቤት አልፋ ስትሄድ ጠራቻት። ደብዳቤ አዳዩ ፖስታውን ሊሰጥ ሲመጣ ሥራ ላይ ነኝ አለ፤ ግን ለአንድ ጉርሻ ብሎ ተቀመጠ፣ በሦስተኛውም አልተነሳም። መኪኖች ፍጥነታቸውን ቀንሰው እያዩን ያልፋሉ። ውሻዋ ኳስ ከጨበጡት እግሮች አንዱን ልትነክስ ስትሞክር ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ተለማመጧት፤ ተወችላቸው።

ከምዕራብ፣ ከተራራው በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሲመጣ ያየ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ የበረዶ ጠጠር ሰላጣው ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው የጋሽ ሀብተጊዮርጊስን ብርጭቆ መታው። ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ።

«ወንበሮቹን!» አለች ፈትለወርቅ።

ማንም ራሱን አልሸፈነም። ሜክሲኳዊው ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ አነሳ። ሔቨን ባለ ክንዱን በራሷ ላይ ገልብጣ ሮጠች። ደብዳቤ አዳዩ ቦርሳውን ትቶ ወንበሩን አቀፈ፤ ቦርሳውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ጠረጴዛውን ከነምግቡ በአራት ማዕዘን ይዘን፣ እየጮህን፣ እየተንሸራተትን ጋራዡ ውስጥ አስገባነው። የጋራዡ በር ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛው ምንም ሳይነካ ሰተት ብሎ ገባ። ፈትለወርቅና ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በሩን፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ፣ ተያዩ፣ ግድግዳ ተደግፈው እስኪያማቸው ሳቁ።

ፈትለወርቅ ፎጣ አምጥታ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አደረቀች። አረንጓዴው ሐር ትንሽ ነጠብጣብ ሆኗል። «ይሁን» አለች። ሁላችንም ተቀመጥን። በረዶው ጣሪያውን እንደ ከበሮ ሲደበድበው ባለ ውሻዋ ጎረቤት እየጮኸች ወጡን ማን እንደሠራው ትጠይቃለች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከመደርደሪያው ላይ መሮና መዶሻቸውን ገፋ አድርገው ለሰላጣው ቦታ ሠሩለት፣ ከዚያ ለሚስታቸው ወንበሯን ሳቡላት።

«ነይ ተቀመጪ» አሏት። «ምግቡ ቀዘቀዘ።»